ሦስተኛው በቃኝ

አባቴ የማደርገውን ነገር «ሥራ» ብለው ጠርተውት አያውቁም ነበር። ደስ ሲላቸው «ያ ነገርሽ» ይሉታል፤ ሲከፋቸው ደግሞ «ያ ቦታ»። ዛሬ በቢቸናና በሞጣ ሠርግ ሲደገስ፣ ስብሰባ ሲጠራ፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው የሚያስተናግድ ቡድን እመራለሁ። ጥቁር ሱሪና ነጭ ሸሚዝ የለበሱ ልጆች ትሪ ይዘው የእኔን ዓይን እያዩ ይንቀሳቀሳሉ። አዲስ የሚገቡት መጀመሪያ የሚማሩት የሳህን አያያዝ አይደለም፤ ሽማግሌ «በቃኝ» ሲል ምን እንደሚደረግ ነው። እኔ ይህን የተማርሁት ሞጣ ውስጥ፣ ገና ተለማማጅ ሳለሁ፣ አባቴ ጎትተው ወደ ቤት ሊመልሱኝ በመጡ ጊዜ ነው።

የቢቸና ልጅ ነኝ። አባቴ የቤተ ክርስቲያን ካህንና መምህር ናቸው፤ ግቢያችን ዜማ ከሚቀጽሉ ተማሪዎች ድምፅ ተለይቶ አያውቅም። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቴ ዩኒቨርሲቲ አላስገባኝም። ጓደኞቼ ቴክኒክና ሙያ ገብተው አካውንቲንግ ወይም ኮምፒውተር ሲመርጡ እኔ መስተንግዶ መረጥሁ። ሰው ሁሉ «ሌላው ክፍል ሞልቶባት ነው» አለ። አልሞላብኝም። ከልጅነቴ ጀምሮ የማኅበር ድግስ ባለበት ቤት ሁሉ ማን ከማን ጎን እንደሚቀመጥ፣ ለማን ቀድሞ እንደሚቀርብ፣ የትኛው ድስት መቼ እንደሚወጣ ጭንቅላቴ ውስጥ ራሱን በራሱ ይደረደር ነበር። ሰው ጠግቦ ሲነሣ ማየት ደስ ይለኛል። ሌላ ምክንያት ፈልጌ አላገኘሁም፤ አሁንም የለኝም።

ችግሩ ሆቴል የሚለው ቃል ነበር። በእኛ ከተማ ስለ አንዲት ልጅ «ሆቴል ገባች» ሲባል የተናጋሪው ድምፅ ዝቅ ይላል፣ የሰሚው ከንፈር ይመጠጣል። የኮሌጁ መምህራችን ለትብብር ሥልጠና፣ ሥራ ላይ ለምንለማመድበት፣ ሞጣ ያለ አንድ ሆቴል እንደደረሰኝ ሲነግረኝ፣ ወሬውን ለአባቴ እንዴት እንደምነግር ሳስብ ቤታችንን ሁለት ጊዜ አልፌው ሄጃለሁ።

«ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ ሳህን ልታቀርቢ?» አሉኝ።

«እንግዳ ላስተናግድ ነው አባዬ። እርስዎስ ቤታችን እንግዳ ሲመጣ አቅርቢ አይሉኝም?»

«ያ ቤታችን ነው።»

«እዚያም ቢሆን ሰው ነው የሚበላው።»

እናቴ ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች። አባቴ ግን አልሳቁም። ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መልሰው፣ «እሽ፣ እስከ ሰኔ ሂጂ» አሉ። «ስምሽ በክፉ የተነሣ ዕለት ግን መጥቼ እወስድሻለሁ። ያን ጊዜ አባዬ ብትይኝ አልሰማሽም።»

አባቴ ለማስፈራራት ብለው አይናገሩም። ያሉትን ያደርጋሉ። ግትርነቴን ከእሳቸው እንጂ ከሌላ ከማንም አልወረስሁትም።

ሆቴሉ ከዋናው መንገድ ዳር ነው፤ ፎቅ፣ ሰፊ ግቢና ለስብሰባ የሚከራይ አዳራሽ አለው። ባለቤቷ ሴት ናት፤ ብዙ የማትናገር፣ ስትናገር ግን መልስ የማትጠብቅ ሴት። ገና በመጀመሪያው ቀን ሠልጣኞቹን ሰብስባ፣ ሥልጠናው ሲያልቅ ከመካከላችን አንድ ሰው በቋሚነት እንደምትቀጥር ነገረችን። ያ ሰው እኔ እንደምሆን እዚያው ቆሜ ወሰንሁ። ሌሎቹም ሳይወስኑ አልቀሩም።

ያሠለጠኑን የመስተንግዶው ኃላፊ ናቸው። የሞጣ ተወላጅ ናቸው፤ በከተማዋ ከድሮ ጀምሮ በንግድ ከሚኖሩት የሙስሊም ቤተሰቦች ከአንዱ የተወለዱ። ሱቁን ለወንድሞቻቸው ትተው ባሕር ዳር ሆቴሎች ውስጥ ብዙ ዘመን ሠርተው ተመልሰዋል። ሁላችንም «ጋሼ» እንላቸዋለን። ጫማቸው ከመወልወሉ የተነሣ መስተዋት አያስፈልገንም ነበር።

«ከግራ አቅርቢ፣ ከቀኝ አንሺ» ይሉኛል። «ትሪው በእጅ ነው የሚያዘው፣ በሆድ አይደገፍም። ሰው እያዋራሽ ጣራ አትዪ።» ከሁሉ በላይ የሚጠብቋት ግን አንዲት ሕግ ነበረች። «እንግዳ በቃኝ ካለ በቅቶታል። በሞቴ አትበዪ፣ አፈር ስሆን አትበዪ። እሱን ቤትሽ። እዚህ ሰውን ሁለት ጊዜ መጠየቅ ማስቸገር ነው።»

ሕጓን ወደድኋት። የሠለጠነ ሰው ሕግ መሰለችኝ። እረፍት ሲሰጠን ሌሎቹ ስልካቸውን ሲነካኩ እኔ ጎድጓዳ ሳህን ውሃ ሞልቼ በግቢው እመላለስ ነበር፤ ውሃው ሳይፈስስ አጥሩ ጋ ደርሶ መመለስ። መጀመሪያ ሰሞን ውሃው እየፈሰሰ ሸሚዜ ይበሰብሳል፣ የጥበቃው ሰውዬም «ዝናቡ ዛሬም መጣ» እያሉ ያሾፉብኛል። ከፋሲካ በኋላ ግን እስከ ክንዴ ድረስ ሳህን ደርድሬ ሳላይ መራመድ ችዬ ነበር። ጋሼም ያልሠለጠኑትን ሲቆጡ «እሷን እዩ» ማለት ጀመሩ።

በዓለ ሃምሳው ሳያልቅ አንድ መሥሪያ ቤት አዳራሹን ለወርክሾፕ ተከራየ። ስለ ምንጭ ጥበቃ ለመነጋገር ከየወረዳው ሽማግሌዎች፣ ቄሶችና የሙስሊም አባቶች ተጠርተው መጡ፤ ስብሰባው ሁለት ቀን የሚቆይ ነበር። ጾም ስላልነበረ ምሳው ዶሮና ሥጋ ነው። ለሙስሊም አባቶቹ በሌላ ወጥ ቤት፣ በራሱ ድስትና በራሱ ቢላ ተሠርቷል፤ የእነሱን ጠረጴዛ ጋሼ ራሳቸው ያዙ። ከሌሎቹ ጠረጴዛዎች አንዱ ለእኔ ደረሰኝ።

ከእኔ ጠረጴዛ የአባቴ የቆየ ወዳጅ የሆኑ፣ ከደብረ ወርቅ የመጡ ቄስ ነበሩ። መስቀላቸውን ተሳለምሁ፣ እሳቸውም የቤታችንን ደኅንነት ጠየቁኝ። ሳህናቸውን ከግራ አቀረብሁ። ጥቂት ቀማመሱና እጃቸውን ከሳህኑ ዳር አድርገው «ተባረኪ ልጄ፣ በቃኝ» አሉ።

«እሽ አባ» አልሁና ሳህኑን ከቀኝ አነሣሁ።

ቄሱ ሳህኑ በሩ ጋ እስኪደርስ ድረስ በዓይናቸው ሸኙት። እኔ ቅልጥፍናዬን ያደነቁ መስሎኝ ወገቤን ይበልጥ ቀና አደረግሁ። ከጎናቸው ያሉትም አንድ በአንድ በቃኝ አሉ፣ እኔም አንድ በአንድ አነሣሁ። ጓደኞቼም እንደዚያው። አዳራሹ ከተባለው ሰዓት ቀድሞ ጸዳ፤ ጋሼ ከበሩ ላይ ሆነው ራሳቸውን ነቀነቁልኝ። ያን ቀን ከእኔ በላይ ደስተኛ ሰው ሞጣ ውስጥ አልነበረም።

ወጥ ቤት ስንገባ ወጥ ሠሪዋ የተመለሰውን ምግብ እያየች ደርቃ ቆማለች። «ምን አደረግኋቸው? ጨው በዛ?» አለችና ቀምሳ፣ ደግማ ቀመሰች። ምንም አልሆነም። እንዲያውም ከሌላው ቀን ይጣፍጥ ነበር። ወዲያው የስብሰባው አዘጋጅ ልጅ ፊቱ ቀልቶ መጣ። «ሽማግሌዎቹ እኮ ከመንገዱ ማዶ ዳቦ እየገዙ ነው» አለ።

በመስኮት አየን። እውነቱን ነው። የተከበሩ ሰዎች፣ በትራቸውን ከግድግዳ አስደግፈው፣ ከኪዮስኩ ጥላ ሥር ደረቅ ዳቦ ይበላሉ። ከደብረ ወርቅ የመጡት ቄስም ከመካከላቸው ነበሩ።

ባለቤቷ ጠራችን። «ነገ ሠልጣኝ የሚባል አዳራሹ ውስጥ እንዳላይ። ዕቃ እጠቡ» አለችና ሄደች። ጋሼ «በቃኝ ብለዋል እኮ» ለማለት ሞክረው ነበር፤ የሰማቸው የለም።

የሆነው ነገር የገባኝ ዕቃ ማጠቢያው ላይ ቆሜ፣ እጄ በአረፋ ተነክሮ ነው። አባቴ ሰው ቤት ሄደው በመጀመሪያው ጥያቄ በልተው ያውቃሉ? አያውቁም። በእኛ አገር የመጀመሪያው በቃኝ ጨዋነት ነው፤ እህል አይቼ የምንሰፈሰፍ ሰው አይደለሁም ማለት ነው። ሁለተኛው ምስጋና ነው። ሰው ጠግቦ እንደሆነ የሚታወቀው በሦስተኛው፣ መዳፉን ከሳህኑ ላይ ሲከድን ነው። ይህን ስምንት ዓመት ሳይሞላኝ አውቀው ነበር። ሸሚዝ ስለብስ ግን ከቀሚሴ ጋር አውልቄ ሰቀልሁት። እነዚያ ሽማግሌዎች ጨዋ ስለሆኑ ጾማቸውን ዋሉ።

ማምሻውን እናቴ ደወለች። «አንቺ ልጅ፣ ምን አደረግሽ?» ቄሱ ለአባቴ ስልክ መትተው፣ «ልጅህ እህሉን ከአፌ ነጠቀችኝ» ብለዋቸዋል። ምናልባት እየሳቁ ነው ያሉት። አባቴ ግን አልሳቁም። «ነገ በመጀመሪያው ሚኒባስ ይመጣሉ» አለች እናቴ። «ዕቃዋን አስራ ትጠብቀኝ ብለዋል።»

አለቀስሁ። ከዚያ ተናደድሁ፤ እኔን ከለቅሶ ይልቅ ንዴት ይረዳኛል። ስሜ በክፉ ቢነሣ በስካር ወይም በወንድ ይሆናል ብለው የፈሩት አባቴ፣ ሊወስዱኝ የሚመጡት ሰው ሳላበላ በመቅረቴ ነው። ሰው ማብላት ደግሞ ከማንም በላይ የማውቀው ነገር ነው። በዚህ ተሸንፌ ወደ ቤት ከተመለስሁ ዕድሜ ልኬን ራሴን አልምርም ነበር። ዕቃዬን አላሰርሁም።

በማግስቱ ጠዋት ጋሼን አዳራሹ ውስጥ የጠረጴዛ ልብስ ሲያስተካክሉ አገኘኋቸው።

«ጋሼ፣ ትናንት እንግዶቹ ተርበው ነው የወጡት።»

«በቃኝ ብለዋል። በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

«እርስዎ የሞጣ ሰው አይደሉም? የሞጣ ሽማግሌ በመጀመሪያው ይበላል?»

የጠረጴዛ ልብሱን ጫፍ ስበው፣ መልሰው ለቀቁት። «አጎቴ እኔ ካስተናገድሁት ጠረጴዛ ነበሩ» አሉ በመጨረሻ። «ቤታቸው ገብተው፣ የወንድሜ ልጅ እያየኝ በረሃብ ገደለኝ ብለው ቤቱን አናውጠውታል አሉ።» ፊታቸው ኮስተር እንዳለ ነበር፤ ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ እኔም አብሬ ሳቅሁ።

«ዛሬ አንድ ጠረጴዛ ይስጡኝ» አልኋቸው ሳቁ ሲያልፍ።

«ምን ልታደርጊ? በሞቴ እያልሽ ልትለምኚ?»

«አልለምንም። አልጠይቅምም። ከጠየቅኋቸው እንቢ ማለት ግድ ይሆንባቸዋል። ዝም ብዬ እጨምራለሁ። እጃቸውንም ተነሥተው ቧንቧ ፍለጋ ከሚሄዱ ካሉበት ላስታጥባቸው። እጁን የታጠበ ሰው አልበላም አይልም።»

«ባለቤቷስ?»

«ካልሆነልኝ ዕቃ ማጠቡ የትም አይሄድም።» ከዚያ አባቴ ሊወስዱኝ መንገድ ላይ መሆናቸውን ነገርኋቸው።

ጋሼ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። «ሳህን ግን ከግራ ነው የሚቀርበው» አሉ።

«ከግራ ነው።»

«እንግዲያው ሄደሽ ሸሚዝሽን ተኩሺ።»

ባለቤቷን ምን ብለው እንዳሳመኗት አላውቅም። ብቻ ከዕቃ ግምጃ ቤት አቧራ የጠጣውን ማስታጠቢያ ከነማንቆርቆሪያው አወጣሁና እስኪያብለጨልጭ አሸሁት። ሌሎቹ ሠልጣኞች ከወጥ ቤቱ በር እየተጋፉ ያዩኛል።

ሚኒባሱ እስኪሞላ ቆሞ ኖሮ፣ አባቴ የደረሱት ምሳ ሊቀርብ ሲል ነው። ጃንጥላቸውን ይዘው ከግቢው ቆመው ነበር፤ ወዳጃቸው ቄሱ አዩአቸውና እጃቸውን ይዘው አስገቧቸው። «ና ግባ መምህር፣ ልጅህ ዛሬም ትነጥቀን እንደሆነ እናያለን።» ያስቀመጧቸው ከእኔ ጠረጴዛ ራስጌ ላይ ነው።

አባቴ ሱሪ ለብሼ ሲያዩኝ ያ የመጀመሪያቸው ነበር። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። «ዕቃሽን አሰርሽ?»

«አላሰርሁም አባዬ።»

«ምነው?»

«እጅዎን ይታጠቡ። ከምሳ በኋላ ይነግሩኛል።»

«ለእህል አልመጣሁም። አልበላም።»

ሌሎቹ ታጥበዋል። ምግቡ ቀርቧል። ግን በዚያ ጠረጴዛ በዕድሜም በማዕረግም የሚበልጡት አባቴ ስለሆኑ ማዕዱን የሚባርኩት እሳቸው ናቸው፤ እሳቸው ሳይባርኩ የሚቆርስ የለም፣ እሳቸው ደግሞ ሳይታጠቡ አይባርኩም። እኔ ማንቆርቆሪያውን አዘንብዬ፣ ማስታጠቢያውን ከፊታቸው ይዤ ቆምሁ። እጃቸው ጋቢያቸው ውስጥ ነው። ወጡ ይበርዳል። ክንዴ መዛል ጀመረ፤ ጋሼ ከወዲያኛው ጠረጴዛ ያዩኛል፣ ባለቤቷ በሩ ላይ ቆማለች። «በሞቴ አባዬ» የሚለው ከምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር። ዋጥሁት። አንዴ ከለመንሁ ልጃቸው ብቻ እሆናለሁ፤ ልጃቸውን ደግሞ ወደ ቤት መውሰድ ይችላሉ። በግቢው ውሃ ይዤ የተመላለስሁት ለዚህ ቀን ይመስል፣ ጠብታ ሳላፈስስ ጠበቅሁ።

«ኧረ መምህር» አሉ ቄሱ፣ «እኛ እኮ ትናንትም አልበላንም።»

አባቴ ተነፈሱ። እጃቸውን ከጋቢያቸው አወጡ። አፈሰስሁላቸው። ሲታጠቡ ፊቴን አላዩም፤ ማንቆርቆሪያውን የያዘውን እጄን ነበር የሚያዩት። ፎጣ ሰጠኋቸው፣ እጃቸውን አደረቁ፣ ተነሥተው ባረኩ፣ ሁሉም መብላት ጀመረ።

ብዙም ሳይቆይ «በቃኝ» አሉ። እሽ አላልሁም፣ እባክዎ አላልሁም። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብዬ ከወዳጃቸው ጋር እስኪጫወቱ ጠበቅሁና ከግራ መጥቼ ወጥ ጨመርሁ። በሉ። «በቃኝ አልሁሽ እኮ፣ ተባረኪ» አሉ ቀጥለው። አሁንም ዝም ብዬ አፈገፈግሁና ለእሳቸው ያስቀረሁትን የዶሮ እግር ይዤ ተመለስሁ። እሱንም በሉት፣ እያጣጣሙ። ከዚያ መዳፋቸውን ከሳህኑ ላይ ከደኑ።

ሳህኑን ከቀኝ አነሣሁ።

«የእኔን ሳህን ግን አደራሽን» አሉ ቄሱ፣ በሁለት እጃቸው ወደ ራሳቸው እየሳቡ። ጠረጴዛው ሁሉ ሳቀ። አባቴ አልሳቁም፤ ጢማቸውን ግን ያለ ምክንያት ሲያብሱ አየሁ። ጋሼም ከጠረጴዛቸው ዝም ብለው እየጨመሩ ነበር፤ አጎታቸው ሁለተኛውን አልፈው ሦስተኛው ላይ ደርሰዋል። የከሰዓቱ ስብሰባ ዘገየ፣ የተቆጣም አልነበረም። ድስቶቹ ባዷቸውን ሲገቡ ወጥ ሠሪዋ አንዱን አዘቅዝቃ አሳየችን። ባለቤቷ ከበሩ ላይ አይታ ሄደች። ሰኔ ላይ የቀጠረችው እኔን ነው፤ ያን ዕለት ግን ይህን አላውቅም፣ ሐሳቤም እሷ ጋ አልነበረም።

አባቴን እስከ ግቢው በር ሸኘኋቸው። ስለ ዕቃዬ ይጠይቁኛል ብዬ እጠብቃለሁ። መልሴን አዘጋጅቻለሁ፤ አልሄድም እላለሁ፣ ቢቆጡም አልሄድም እላለሁ። እሳቸው ግን ጃንጥላቸውን እያስተካከሉ፣ «ይኼ ሱሪ ትንሽ ሰፋ ቢል ምን ይለዋል» ብቻ አሉ።

የቢቸናው ሚኒባስ መጥቶ ከፊታችን ቆመ። ጠዋት ያመጣቸው ያው ነው፤ ረዳቱ ወርዶ በሩን ከፈተላቸው። «አባ፣ ለመልስ ሁለት ወንበር ያዝልኝ ብለውኝ ነበር» አለ ዙሪያውን እያየ። «ሁለተኛው ሰው የታል?»

አባቴ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ፣ ጋቢያቸውንም ሰበሰቡ።

«ሌላ ሰው ጫንበት» አሉት። «ልጄ ሥራ ላይ ናት።»

ሚኒባሱ ከዓይኔ እስኪሰወር አልቆምሁም። ያልተነሡ ሳህኖች ነበሩና ወደ አዳራሹ ተመለስሁ።